«ጸሐፊ አይደለሁም» ያለው ጸሐፊ፦ የጆን ስታይንቤክ የ1938 የሥራ ማስታወሻ እንደ ጉዳይ ጥናት

(ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 16 ቀን 1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሎስ ጋቶስ ከተማ አጠገብ፣ አንድ የ36 ዓመት ሰው የሥራ ማስታወሻውን ገልጦ ጸሐፊ እንዳልሆነ፣ ራሱንም ሌላውንም ሲያታልል እንደኖረ ጻፈ። ሰውየው ጆን ስታይንቤክ ነው። እስከዚያ ቀን ከግማሽ ደርዘን የማያንሱ መጻሕፍት አሳትሟል። ከዓመት በፊት የወጣው አጭር ልብ ወለዱ በየቤቱ ገብቷል፤ ያው ታሪክ ኒውዮርክ ላይ ለመድረክ በቅቶ የቲያትር ሐያስያንን ሽልማት አግኝቷል። ያን ዕለት እጁ ላይ የነበረው ሥራ ደግሞ በ1940 የፑሊትዘርን ሽልማት የወሰደው «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» ነበር። ያንን ፍርድ በራሱ ላይ ከፈረደ ከአሥር ሳምንት በኋላ ልብ ወለዱን ጨረሰ።

ስለ በራስ መተማመን የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ መጀመሪያ እመን፣ ከዚያ ትሠራለህ። ይህ መዝገብ እንደዚያ አይልም። ስታይንቤክ ሲጀምር አላመነም፤ ሲያጋምስም፣ ሲጨርስም አላመነም። ያደረገው ነገር ቢኖር ጥርጣሬው እዚያው እንዳለ ሥራው እንዲሄድ አድርጎ ቀኑን ማደራጀት ነው። እንዴት እንዳደራጀው ከዕለት ወደ ዕለት ጽፎታል። ማስታወሻው በሕይወቱ ሳለ አልታተመም፤ የወጣው በ1989፣ ከሞተ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የተሳካለት ሰው ኋላ ላይ አሳምሮ የሚያወራውን ሳይሆን፣ ሥራው ገና ምን እንደሚሆን ባልታወቀበት ሰዓት የተጻፈውን ማየት እንችላለን።

መጀመሪያ የተጣለው መጽሐፍ

ጉዳዩ የሚጀምረው ከልብ ወለዱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኦክላሆማን፣ ቴክሳስንና አርካንሳስን ድርቅና የአቧራ ማዕበል መትቶ፣ ከመሬቱ የተፈናቀለው ገበሬ ቤተሰቡን በአሮጌ መኪና ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ይጎርፍ ነበር። በ1936 «ሳን ፍራንሲስኮ ኒውስ» የተባለው ጋዜጣ ስለነዚህ ሰዎች እንዲጽፍ ስታይንቤክን ላከው፤ ሰባት ተከታታይ ጽሑፎቹም በኦክቶበር ወጡ። በዚያ ጉዞ ላይ አርቪን አጠገብ የነበረውን የፌዴራል መንግሥት መጠለያ የሚያስተዳድረውን ቶም ኮሊንስን አገኘ። ኮሊንስ የማይሰለቸው መዝጋቢ ነበር። ለአለቆቹ በሚልከው ሪፖርት ስንት ሰው እንደገባ፣ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደተጣላ፣ ምን እንደሚዘፍን፣ የአነጋገሩ ለዛ ሳይቀር ያሰፍራል። ስታይንቤክ ሪፖርቶቹን ተቀብሎ ለሚጽፈው ሥራ ስንቅ አደረጋቸው። በ1938 መጀመሪያ ቫይሴሊያ አካባቢ ጎርፍ የተፈናቃዮቹን ድንኳን ሲያጥለቀልቅ ከኮሊንስ ጋር እዚያው ወርዶ፣ በረሃብና በበሽታ የተዳከሙ ቤተሰቦችን በዓይኑ አየ።

ይህን ሁሉ ይዞ ለመጻፍ ሲቀመጥ ግን መጀመሪያ የወጣው ሌላ ነገር ነው። በ1936 በትውልድ ከተማው በሳሊናስ የሰላጣ ሠራተኞች አድማ መትተው፣ የከተማው ባለሀብቶች ያደራጁት ቡድን በዱላና በጋዝ አድማውን ሰብሮት ነበር። ስታይንቤክ ንዴቱ ስላልበረደለት በ1938 የመጀመሪያ ወራት በእነዚያ ሰዎች ላይ የሚሳለቅ ልብ ወለድ ጻፈ። ከ60 ሺህ የማያንስ ቃል እንደነበረው ይገመታል። በሜይ ላይ ለወኪሉና ለአሳታሚው ደብዳቤ ጽፎ እንዳይታተም አገደ፤ ረቂቁንም አጠፋው። የሰጠው ምክንያት ይህ ነው፦ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ድርጊት እውነት ቢሆንም እሱ የሚያውቀውን ያህል እውነት አልተናገረም። ስላቅ ነገሩን ቆርጦ ማጥበብ ይጠይቃል። የሥራው ሁሉ ዓላማ ሰው ከሰው እንዲግባባ ሆኖ ሳለ ይህን መጽሐፍ ግን እያወቀ ጥላቻ እንዲያስነሳ አድርጎ ጻፈው።

«ይኸው ጥርጣሬ የወራት ድካሙን አስጣለው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛ ግን ይህን ውሳኔ ከኦገስቱ ጋር አንድ ላይ መደመር የጉዳዩን ዋና ፍሬ ማጣት ነው ብለን እናምናለን። ሁለቱ በስሜት ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሆድ ያባባሉ፣ እንቅልፍ ይነሣሉ። በአሠራራቸው ግን የተለያዩ ናቸው። የሜዩ ጥርጣሬ ስለ ሥራው ነው። ጉድለቱን በስሙ ይጠራል፤ ስላቁ ያጠበበውን ቦታ ያሳያል። መደረግ ያለበትንም ይናገራል፦ ይህን ጣል፣ ሌላ ጀምር። የተባለው ሲደረግ ዝም ይላል። የኦገስቱ ጥርጣሬ ስለ ሰውየው ነው። የትኛው ምዕራፍ፣ የትኛው ገጽ እንደተበላሸ አይናገርም። ከ«ተው» በቀር የሚያዘው ነገር የለም። በሚቀጥለው ቀን የቱንም ያህል ተሠርቶ ይዋል፣ ማለዳ ላይ ያንኑ ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ሥራው ይሻሻላል። ሁለተኛውን ግን ተከራክሮ መርታት አይቻልም፤ ስታይንቤክም በክርክር አልሞከረውም።

ተሰጥኦን ማወቅ የሚባለው ነገርም በዚህ ውሳኔ ውስጥ አለ። ስላቅ ጸሐፊውን ከሰዎቹ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። ስታይንቤክ ደግሞ እስከዚያ የተሳካለት ሥራ ሁሉ ከሰዎቹ እኩል ተቀምጦ፣ የሚበሉትን፣ የሚያወሩትንና የሚፈሩትን በዝርዝር እየለቀመ የሠራው ነው። ጋዜጣው የላከው ለዚያ ነበር፤ ኮሊንስም ሪፖርቱን ያካፈለው ለዚያ ነበር። ስጦታው የት እንዳለ ሌሎች ቀድመው አይተውለታል። እሱ ለጥቂት ወራት ንዴቱን ተከትሎ ከቦታው ወጣ፤ ከዚያም ተመለሰ። ተሰጥኦውን መቀበሉ በተግባር ይኸው ነው፤ ሌላ የተለየ የመገለጥ ሰዓት በመዝገቡ ላይ አይታይም።

ቀኑ እንዴት ተደራጀ

አዲሱን ልብ ወለድ የጀመረው በዚያው በሜይ መጨረሻ ነው። የሥራ ማስታወሻው ከሜይ 31 እስከ ኦክቶበር 26 ይዘልቃል። ለራሱ የቆረጠው መጠን በቀን 2,000 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 100 የሥራ ቀን፣ 200 ሺህ ቃል። መጽሐፉ በመጀመሪያ እትሙ 619 ገጽ ሆኖ ወጣ። የሥራ ክፍሉ ወርዱም ቁመቱም ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነች ጠባብ ቦታ ነበረች። በእጁ፣ እጅግ በደቀቀ ፊደል፣ በትልቅ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ባለቤቱ ካሮል ከኋላ እየተከተለች በጽሕፈት መኪና ትተይባለች።

የዕለቱን 2,000 ቃል ከመጀመሩ በፊት ግን ሌላ ደብተር ይከፍታል። እዚያ ላይ እንዴት እንዳደረ፣ ማን እንደመጣ፣ ሆዱ ወይም ነርቩ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንዳስፈራው ይጽፋል። ስንፍናውንም አይደብቅም። ከዚያ ብዙ ጊዜ የዛሬው ድርሻ ምን እንደሆነ ያሰፍራል፦ ዛሬ ይህ ትዕይንት ይጻፋል፣ ይህ ሰው ይግባ፣ ያ ነገር ይፈጸም። ከዚያ ወደ ሥራው ይሻገራል። መግቢያው አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ነው፣ አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ ይሞላል።

ይህ ደብተር ሦስት ነገር ይሠራ ነበር ብለን እናስባለን። አንደኛ፣ ጥርጣሬው የሚጻፍበት ቦታ አግኝቷል። ቦታ ያላገኘ ጥርጣሬ ወደ ረቂቁ ይገባል፤ ደራሲው በየዓረፍተ ነገሩ ይቅርታ መጠየቅ፣ ማብራራት፣ ማሳመር ይጀምራል። ሁለተኛ፣ እጅን ያፍታታል። ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ የነበረው ሰው ግማሽ ገጽ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ ዋናው የሚሄደው። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚበልጠው፣ ቀኑ የሚዳኝበትን ጥያቄ መቀየሩ ነው። «ጥሩ ጸሐፊ ነኝ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ማታ ላይ መልስ የለውም። «የዛሬዋን ሠራሁ ወይ?» ለሚለው ግን አለው፤ መልሱም በስሜት አይለወጥም።

እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ቀኑ በቁጥር ይመራ እንጂ መጽሐፉ ያለ ዕቅድ የተጻፈ አይደለም። አጠቃላይ ቅርጹ ቀድሞ ታስቦ ነበር። ከ30ዎቹ ምዕራፎች 16ቱ አጫጭር ሆነው የአገሩን፣ የመንገዱን፣ የባንኩን፣ የመኪና ሻጩን ነገር በጅምላ ያሳያሉ፤ 14ቱ የመጽሐፉን ዋና ባለታሪኮች፣ ተፈናቅሎ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄደውን የጆድ ቤተሰብን ጉዞ ይተርካሉ። ማለዳ ላይ «ዛሬ ምን ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ተመልሶ ነው የሚያድረው። ዕቅድ የሌለው ሰው ቁጥር ብቻ ቢቆርጥ ቁጥሩን በሐተታ ይሞላዋል። ጁን ላይ ስታይንቤክ ለራሱ የጻፈው ምክር ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው፦ በዝግታ፣ ዝርዝርን በዝርዝር ላይ እየደረቡ፣ ሥዕሉ ራሱ እስኪወጣ ድረስ።

ኦገስት ላይ የተበላሸው

የማስታወሻው ከባድ ክፍል ኦገስት ነው። አሳታሚው ድርጅት ኪሳራ ላይ ወደቀ፤ ለስታይንቤክ የሚከፈለውም ገንዘብ አብሮ ተንጠለጠለ። ካሮል ቶንሲሏን ተቆርጣ ታማ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ቤት ይሠራል፤ መዶሻው ከማለዳ ይጀምራል። ከጫጫታው ለመሸሽ ሲሉ ኮረብታ ላይ ያለ የእርሻ ቦታ ለመግዛት ተነሡና ክርክሩ፣ ወረቀቱ፣ የገንዘብ ስሌቱ ተጨመረ። እንግዳ ይመጣል፣ ያድራል። ካለፈው መጽሐፍ ወዲህ ስሙን የሰማ ሁሉ ደብዳቤ ይልካል፤ አንዳንዱ ገንዘብ ይጠይቃል።

«ጸሐፊ አይደለሁም» የሚለው ቃል የተጻፈው በዚህ መሀል ነው። በራሱ ላይ የፈረደበትን ቀን ከቤቱ ሁኔታ ጋር ጎን ለጎን ሲያነቡት የሚታየው ይህ ነው፦ ድካምና መረበሽ ሲደራረቡ ሰውየው ድካሙን «ችሎታ የለኝም» ብሎ አነበበው። ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ በተለይ ሌሊት ሕፃን ይዞ ወይም ሁለት ሥራ እየሠራ በሚማር ሰው ላይ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በራሱ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ስለ ተሰጥኦው ሳይሆን ስለ እንቅልፉ ነው።

ቀድሞ የመጣው ስኬት ለምን እንዳልረዳው መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1978 ፓውሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በትምህርትና በሥራ ከፍ ያለ ውጤት ባገኙ ሴቶች ላይ ባደረጉት ጥናት ይህንኑ ገልጸውታል። ስኬት እያለው ራሱን የሚጠራጠር ሰው ስኬቱን ለዕድል፣ ለአጋጣሚ ወይም ለሌሎች መሳሳት ይሰጣል። ስለዚህ አዲስ ስኬት ሲመጣ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ፣ ኋላ የሚጋለጥ ተጨማሪ ዕዳ ይሆንበታል። ስታይንቤክም ዝናውን እንደ ዋስትና አላየውም፤ ይፈራው ነበር። በእኛ አገር ይህ ስሜት ብዙ ጊዜ የትሕትና ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። «እኔ ማን ነኝና» የሚለው አነጋገር ከውጭ ሲታይ ጨዋነት ነው፤ ከውስጥ ግን ሥራን ላለማሳየት የሚያገለግል ይሉኝታ ሊሆን ይችላል።

በዚያ ወር ዘዴው መንገዳገዱ አልቀረም፤ የጠፉ ቀኖች ነበሩ። ያዳነው የዘዴው ትንሽነት ነው። የጠፋው ሳምንት እንዴት እንደሚካካስ ሳይሆን የነገዋ ድርሻ ብቻ ነበረች የሚጠበቅበት፤ አትቸኩል እያለም ደጋግሞ ለራሱ ይጽፋል።

ሌላው ያዳነው ካሮል ናት። ስታይንቤክ በዙሪያው «አይዞህ» የሚለው ሰው አላነሰውም። ካሮል ግን ረቂቁን ከኋላ እየተየበች ታነባለች፣ የማይሆነውን አይሆንም ትላለች። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የመጽሐፉን ርዕስ ያገኘችውም እሷ ናት፤ ከአንድ የቆየ የአሜሪካ የጦርነት መዝሙር ወስዳ። ያን ሲሰማ በማስታወሻው ላይ መጽሐፉ አሁን ህልውና አገኘ የሚል ትርጉም ያለው ነገር አሰፈረ። መጽሐፉ ሲታተም መታሰቢያነቱ ለሁለት ሰዎች ሆነ፦ ለካሮልና ለቶም ኮሊንስ። አንዷ ሥራውን፣ ሌላው ቁሱን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ከጨረሰ በኋላ የሆነው

ኦክቶበር 26 ላይ ጨረሰ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ያሰፈረው ፍርድ፣ ተስፋ ያደረገው ትልቅ መጽሐፍ እንዳልሆነ፣ ተራ መጽሐፍ እንደሆነ፣ የሚያሳዝነውም ከዚህ የተሻለ መሥራት አለመቻሉ እንደሆነ ነው። ለአሳታሚውም ብዙ ሰው ስለማይወደው ጥቂት ቅጂ እንዲያትም መከረው።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1939፣ መጽሐፉን የያዘው አዲሱ አሳታሚ መጨረሻውን እንዲለውጥ ጠየቀው። የመጨረሻው ትዕይንት ልጇ ሞቶ የተወለደባት ወጣት እናት ጎተራ ውስጥ በረሃብ ሊሞት የደረሰን የማታውቀውን ሰው ጡቷን ስታጠባው የሚያሳይ ነው። ድንገተኛ ሆነ፤ ሰውየው ቀደም ብሎ በታሪኩ ውስጥ ቢተዋወቅ ይሻላል ተባለ። ስታይንቤክ እምቢ አለ። ሰውየው እንግዳ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ፤ ጡት መስጠቷ ቁራሽ ዳቦ ከመስጠት የተለየ ስሜት የለበትም የሚል መልስ ሰጠ። ስድቦችን ስለመቀነስ ወኪሉ ስትጠይቀው በከፊል ተቀበለ፤ መጨረሻውን ግን አልነካም።

ራሱን ጸሐፊ አይደለሁም ያለ ሰው ከባለሙያ አሳታሚ ጋር እንዲህ ፊት ለፊት ሲቆም ግራ ያጋባል። ግራ የሚያጋባው ግን ጥርጣሬ አንድ ዓይነት ነው ብለን ካሰብን ብቻ ነው። ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚይዘው አልነበረውም። ስለዚያ ትዕይንት ሲጠየቅ ግን ለአምስት ወር በየቀኑ ዝርዝር እየለቀመ የሠራው ዕውቀት ነበረው፤ የመለሰው ከዚያ ነው። በራስ መተማመን ከሚባለው ነገር በመዝገቡ ላይ በግልጽ የሚታየው ይኸው ነው፦ «እኔ ጥሩ ነኝ» የሚል ስሜት ሳይሆን፣ «ይህ ቦታ እንዲህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ መናገር መቻል።

መጽሐፉ ኤፕሪል 14 ቀን 1939 ወጣ፤ በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከሁሉም በላይ የተሸጠ ልብ ወለድ ሆነ። ስለ ሽያጩ የገመተው ስሕተት ነበር፤ ስለ ደረጃውም ስሕተት ነበር ብንል የሚከራከረን ብዙ ሰው አይኖርም። ስሜቱ ግን አልተቀየረም። በ1962 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ጋዜጠኞች ይገባዎታል ወይ ብለው ቢጠይቁት በግልጽ አይገባኝም አለ። አሠራሩንም አልተወም። በ1951 ሌላ ትልቅ ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ በደብተሩ ግራ ገጽ ላይ በየቀኑ ለአርታኢው ደብዳቤ እየጻፈ በቀኝ ገጹ ልብ ወለዱን ያስኬድ ነበር። በ13 ዓመት ውስጥ የተለወጠው የደብተሩ አቀማመጥ ብቻ ነው።

ዋጋ አላስከፈለም ማለት ግን አይቻልም። ሲጨርስ ጤናው ተቃውሶ፣ በእግሩ ሕመም አልጋ ላይ ውሏል። ትዳሩም በ1941 ተናግቶ በ1943 በፍቺ አልቋል። ፍቺውን በአሠራሩ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም፤ ድካሙን ግን መጫን ይቻላል። በአምስት ወር 200 ሺህ ቃል በእጅ መጻፍ ለማንም ሰው ብዙ ነው።

መሞከር ለሚፈልግ

መጀመሪያ የሚሳሳተው 2,000ን የሚቀዳ ሰው ነው። ቁጥሩ ሙሉ ቀኑን ለሥራው የሰጠ፣ አሥር ዓመት የጻፈ ሰው ቁጥር ነው፤ እንግሊዝኛው በሦስት ቃል የሚለውን አማርኛ በአንድ ግስ ስለሚለውም መጠኑ እኩል አይሆንም። የሚሻለው ለሁለት ሳምንት ያለ ግብ ሠርቶ በየቀኑ የወጣውን መመዝገብ ነው። ከዚያ ከሁሉ የበለጠውን ቀን ሳይሆን መካከለኛውን ወስዶ፣ ከእሱም ሩብ መቀነስ። መቶ ሃያ ቃል ቢሆንም ችግር የለውም። ቁጥሩ ክፉ ቀን ላይም የሚደረስበት ካልሆነ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ የጥፋተኝነት ምንጭ ይሆናል።

ድርሻው ማታ ላይ የሚቆጠር ነገር መሆን አለበት። «ጥሩ ዜማ መሥራት» ድርሻ አይደለም፤ አንድን የክራር ሐረግ ቅኝቱን ሳይለቁ ሃያ ጊዜ መምታት ድርሻ ነው። ሠዓሊ ከሆነ አንድ ወረቀት ንድፍ፣ ልብስ ሰፊ ከሆነች አንድ እጅጌ ቆርጦ መስፋት። ጥራቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ካልደከሙ ማለዳ ላይ ይታያል፤ በየማታው አይመረመርም።

የማለዳው ደብተር ከአሥር ደቂቃና ከአንድ ገጽ አይለፍ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስለ ፍርሃት መጻፍ ይጥማል፤ አርባ ደቂቃ ከተጻፈ በኋላ ሰውየው የሠራ ይመስለዋል። ሰዓት ማስሞላት ይረዳል። የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ የዕለቱ ድርሻ ይሁን፣ በተቻለ መጠን በተጨባጭ ስም፦ «ሦስተኛው ክፍል፣ እናትየው ደጅ ላይ የምትቆምበት»። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጦ ማንበብ ሥራው እስኪያልቅ ቢቀር ይሻላል፤ የትናንት ጥርጣሬ ለዛሬው ማስረጃ መስሎ ይታያልና።

የጠፋ ቀን በሚቀጥለው ቀን በእጥፍ አይከፈልም። ሰኞ ያልተሠራው ማክሰኞ ላይ ከተጨመረ ማክሰኞም ይወድቃል፣ ረቡዕ ሦስት እጥፍ ይሆንና ሐሙስ ሁሉም ነገር ይተዋል። ቀኑን «የለም» ብሎ መመዝገብና በተለመደው መጠን መቀጠል ነው።

ለሌላ ሰው ሲያሳዩ «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ወዳጅ «ግሩም ነው» ይላል፣ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ አያምነውም። «የት ላይ ሰለቸህ? የት ላይ ግራ ገባህ? ወደ ኋላ ተመልሰህ ያነበብከው የቱን ነው?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። አንድ እንዲህ ያለ አንባቢ ይበቃል።

ይህ አሠራር ተሰጥኦ አይፈጥርም። ያለው የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ስሜትን ሳይሆን ማስረጃን መቁጠር ይሻላል፦ ሰዎች ሳይለመኑ ምን ሥሩልን ብለው መጥተዋል? ሌላው ሰው ቸኩሎ የሚያልፈውን የትኛውን ዝርዝር ሳይሰለቹ ያያሉ? ስታይንቤክ በ1938 መጀመሪያ የሳተው ይህን ነበር፤ ሰባት ጽሑፍ አዝዘውት፣ የሪፖርት ክምር ተሰጥቶት፣ እሱ ግን ስላቅ ይጽፍ ነበር።

አንዳንድ ሥራ ደግሞ በእርግጥም መጣል አለበት። እንዲህ ያለ ውሳኔ በደከሙበት ቀን ባይወሰን ጥሩ ነው። ምክንያቶቹን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ለአንድ ሳምንት ማስቀመጥ፣ በዚያ ሳምንት የተለመደውን ድርሻ መሥራት፣ ከዚያ ወረቀቱን ማንበብ። የተጻፈው ምክንያት ገጽና ቦታ የሚጠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይናገራሉ፣ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ» የሚል ከሆነ፣ ያ ክፍል ይፈርሳል፤ ካስፈለገም ሥራው በሙሉ ይጣላል። ወረቀቱ ላይ ያለው «እኔ» በሚል ቃል የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚጣል ነገር አልተገኘም፤ የነገው ድርሻ ይቀጥላል።